ድንኳኑ ሳይተከል
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል የሚቀድመን የለም። በሕይወት ሳለስ የት ነን? ባለፈው ፋሲካ አንዲት እናታችን ሕመም ጸንቶባቸው ተኝተው ሳለ እኔ በራቸውን አልፌ ለፈሰክ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ድንኳናቸውን የተከልኩት ግን እኔው ነኝ።

ሐኪሟ ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ የከፈቱት ሆስፒስ፣ የማይድን በሽተኛን ሥቃይ ማስታገስና ብቻውን አለመተው ራሱ ሕክምና መሆኑን አሳይቷል። ይህን ሁለተኛውን እኛም እንችላለን።

ስለዚህ ለመጪው ገና ሁለት ሁለት ሆነን በፈቃዳችን እንሂድ። ቤተሰቡን አስቀድመን እንጠይቅ፤ መዋጥ ያቃተውን ሰው «ብላ» ብለን አናስጨንቅ። ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ቡና አፍልቶ፣ «እንኳን አደረሰዎ» ብሎ ጥቂት መጫወት ይበቃል። ሲደክማቸው እንነሣ።

ከቀብር የቀረ መቀጮ ከፍሎ ይገላገላል፤ የእኔ ግን በመቀጮ አልወጣልኝም።