ፊቱን ወደ ቤት ያዞረ
የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 15፥11-32



ሰሞኑን አንድ ወጣት ደወለልኝ። ድሮ መዘምራን ውስጥ ያገለግል ነበር። “ፓስተር፣ መጀመሪያ ጫቱን ልተው፤ ከዚያ እመጣለሁ” አለኝ። “መቼ ነው የምትተወው?” ስለው ዝም አለ። የዛሬው መልእክት ለእሱ ነው፤ ለእኛም ነው።

በእንግሊዝኛ “ሆምዋርድ” የምትባል ቃል አለች። “ሆም” ቤት ነው፤ “ዋርድ” እኛ “ወደ” እንደምንለው አቅጣጫ ያሳያል። እኛ “ወደ”ን እናስቀድማለን፣ እነሱ “ዋርድ”ን ከኋላ ይቀጥላሉ። “ሂ ጎት ሆም” ካሉ ሰውየው ቤቱ ገብቷል። “ሂ ተርንድ ሆምዋርድ” ካሉ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው፣ ልብሱ ይጽዳ ይቆሽሽ ቃሏ አትነግረንም። የምትነግረን ፊቱ ወዴት እንደዞረ ብቻ ነው። ወደ አገሯ የምትመለስ መርከብ ወደቡ ሳይታያት፣ ገና መሐል ባሕር ላይ ሳለች “ሆምዋርድ ባውንድ” ትባላለች። የቃላትን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎችም “ዋርድ” የመጣው መዞር የሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ ሥር ነው ይላሉ። ታዲያ ንስሐስ መዞር አይደለም እንዴ? ነቢያቱ ሕዝቡን ለንስሐ ሲጠሩ የተጠቀሙበት “ሹብ” የሚለው የዕብራይስጥ ቃል “ተመለስ” ማለት ነው።

የጠፋው ልጅ ከእሪያዎቹ መካከል ሲነሣ ሆምዋርድ ነበር። አባቱ ያየው ደጃፍ ሲደርስ አይደለም፤ ገና ሩቅ ሳለ ነው። ሮጦ አቀፈው። ልጁ እንደ ቅጥር ሠራተኛ ቁጠረኝ ሊል ያዘጋጀውን ንግግር እንኳ አልጨረሰም። ልብሱም፣ ቀለበቱም፣ ጫማውም የመጡት ከእቅፉ በኋላ ነው። ሃሌሉያ!

ታላቁ ወንድምስ? እሱ እኮ ቤቱ አጠገብ ነበር፤ ግን አልገባም አለ። በእግሩ ቅርብ፣ በፊቱ ሩቅ! እኛስ፣ ስንት ጊዜ የሚመለሰውን ሰው በር ላይ “እስካሁን የት ነበርክ?” ብለን ፊት ነሳነው? ጌታ ይቅር ይበለን።

ወንድሜ ሆይ፣ ኃጢአትህ ቀላል ነው አላልኩህም። ግን ታጥበህ አትመጣም፤ መጥተህ ነው የምትታጠበው። ዛሬ ዙር። መንገዱ ረጅም ቢሆን አባት ሯጭ ነው።

አብረን እንጸልይ፦ “ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ሩቅ ነኝ፤ ግን ፊቴን ወደ አንተ አዞርኩ። ይቅር በለኝ፣ ተቀበለኝ። አሜን።”

ጌታ ይባርካችሁ።