ትንሹ ጢስ ዓባይ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ኃይል ማመንጫ ሲነሣ የሁላችንም ሐሳብ ወደ ጉባ ይሄዳል። ይገባልም። እኔ ግን ከዚህ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ስላለው ትንሹ ጢስ ዓባይ ጥቂት ልበላችሁ።

እስቲ ዓመቶቹን እንደርድራቸው። በ1953 ዓ.ም. ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በ1955 ፖሊ ቴክኒካችን ተመሠረተ። በ1956 ደግሞ ጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ መብራት፤ ባሕር ዳር ከተማ የሆነችው በእነዚህ ነው።

የጣቢያው አቅም 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። ከፍታውን ተፈጥሮ ስለሰጠችው ረጅም ግድብ አላስፈለገውም። ከፏፏቴው በላይ የተወሰነ ውኃ በቦይ ይጠልፋል፤ ተርባይኖቹን አዙሮ ከታች መልሶ ለወንዙ ይሰጣል። የቀረው ውኃ እንደ ልማዱ በገደሉ ይወርዳል። የድሮዋን አንድ ብር ታስታውሷታላችሁ አይደል? ያ ፏፏቴ በጀርባዋ ሲታተም ጣቢያው ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶ ነበር። ሁለቱም አብረው ኖረዋል ማለት ነው።

በኋላ የጣናን መውጫ የሚቆጣጠረው የጫራ ጫራ ግድብ መጣ። በ1993 የ73 ሜጋ ዋቱ ቁጥር ሁለት ተጨመረ። ያን ጊዜ ፏፏቴው በበጋ ሳሳ። በ2002 የተመረቀው የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ደግሞ ውኃውን በዋሻ ወደ ምዕራብ ይወስደዋል፤ ያ ውኃ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ከፏፏቴው እጅግ ርቆ ነው። ሁለቱ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎችም በአመዛኙ ተጠባባቂ ሆኑ።

አገር ኃይል ለምን አመነጨ የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን በጢስ ዓባይ ከተማ አስጎብኚው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ነጠላ ሻጯ እንጀራቸው ያ ውኃ ነው። እንግዳ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ባዶ ገደል ካየ ማን ይመለሳል? መብራት ከሌላ ቦታ በሽቦ ይመጣል፤ ፏፏቴ ግን በሽቦ አይመጣም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ያ አሮጌ ጣቢያ ለተማሪዎቻችን የተግባር መማሪያ ሆኖ ይጠበቅ። ቦዩን፣ ተርባይኑንና ጀነሬተሩን አንድ ቦታ ላይ በግማሽ ቀን ተዘዋውሮ ማየት የሚቻልበት እንዲህ ያለ ቅርብ ቦታ ከየት ይገኛል? ሁለተኛ፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በውኃና በኃይል መሥሪያ ቤቶች ናችሁ። የውኃ ድልድል ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ መስኖ አለ፣ ኃይል አለ፣ መጠጥ ውኃ አለ። ለፏፏቴውም በበጋ የሚጠበቅለት ድርሻ ይኑረው፤ አንድ ረድፍ ክፈቱለት።