ማጠንፈፍ፦ ሁለት ማረሻ ሲጣመሩ

የዛሬው ርእሳችን ማጠንፈፍ ነው።

ከደብረ ሲና የጣርማበርን ዳገት ወጥታችሁ ወደ ሞረትና ጅሩ ስትዘልቁ መሬቱ ጥቁር ነው። ለም ነው። ግን ክረምት ሲገባ ውኃ ይቋጥራል። የሰብሉ ሥር አየር ያጣል፤ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። እና ምን ይደረግ? ማጠንፈፍ! ትርፉን ውኃ ማስወጣት ማለት ነው።

እስቲ የቤት ጣሪያን አስቡት። መሐሉ ከፍ ስላለ ዝናቡ በግራና በቀኝ ይወርዳል። ማጠንፈፍም እንዲሁ ነው፤ ሰብሉ ከፍ ባለው መደብ ላይ ይበቅላል፣ ውኃው በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ ይሄዳል።

በዚያው በሞረትና ጅሩ፣ የእነዋሪ ገበሬዎች ይህን ድሮም ያውቁታል። መደቡን የሚያወጡት ግን በእጅ ነበር፤ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አፈሩን እያፈሱ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው!

ታዲያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ከእኛው ማረሻ ተነሡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አጣመሩ፤ አፈሩን ወደ መሐል የሚገፋ ክንፍ ጨመሩ። ቢቢኤም የምንለው ይኸው ነው። እኔ በጣም የምወድለት ሰንሰለቱን ነው። ከኋላ እየተጎተተ መደቡን ያስተካክላል፣ ዘሩንም አፈር ያለብሳል።

ብየዳ ቤት ያላችሁ ወጣቶች፣ ልብ በሉ። ማረሻውና ቀንበሩ ገበሬው ቤት አለ። የሚያስፈልገው የብረት ክንፉና ሰንሰለቱ ነው። ስትሠሩ ታዲያ አታክብዱት፤ የሚጎትቱት ሁለት በሬዎች ናቸው።