በባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ተሰውረው ስለሚኖሩ ፍጥረቶች

በሆላንድ፥ በጀርመንና በዴንማርክ ዳርቻ ያለው የዋደን ባሕር በየቀኑ ኹለት ጊዜ ያህል ይሸሻል፤ ሰፊ አሸዋም ይገለጣል። ምድሩ ባዶ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥሩ ነዋሪው በየደረጃው ተቀምጧል። ኮክል የተባለው ባለዛጎል የውኃ መሳቢያው አጭር ስለ ኾነ ከላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀበራል፤ ስለዚህም ወፎች በቀላሉ ያገኙታል። ማያ የተባለው ግን ረጅም መሳቢያውን እንደ ቧንቧ ወደ ላይ ዘርግቶ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ይኖራል። አሸዋ በሊታው ትልም በጥልቁ ይሸሸጋል፤ ኾኖም የበላውን አሸዋ ሊጥል ጅራቱን ወደ ላይ ሲያወጣ ወፍ ትነጥቀዋለች። ጥልቁ ከጠላት ይሰውራል፤ እስትንፋስ ግን የሚገኘው ከላይ ካለው ውኃ ነው። እንግዲህ የእያንዳንዱ ማደሪያ በሚፈራውና በሚያስፈልገው መካከል የተለካ ነው። ልጆችም ከዚህ፥ ቈፍረው ሳያዩ ምድርን ባዶ ነው እንዳይሉ ይማራሉ።