«የአረጋውያን መርጃ» ከመወሰኑ በፊት
(የዕድራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያደረጉት ንግግር)



ሦስተኛው አጀንዳችን «የአቅመ ደካማ አረጋውያን መርጃ» የሚል ነው። ኮሚቴው በጎ አስቦ ነው ያቀረበው። ለበዓል ጤፍና ዘይት፣ አንድ የሚገፋ ወንበር፣ ለታመመ የመድኃኒት ድጎማ፤ ሁሉም ከዕድሩ ገንዘብ ወጪ ይደረግ ይላል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

የዚህን ስብሰባ ጥሪ ቤት ለቤት ሳደርስ አረጋውያኑን እግረ መንገዴን «ምን ቢደረግላችሁ ይሻላል?» እያልሁ ጠይቄ ነበር። ዘይት ያለኝ የለም። አንዲት እናት የነገሩኝ የሽንት ቤቱን ጉዳይ ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ማታ መብራት የለውም። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ውኃ የሚባል አይቀምሱም። አንድ አምፖልና የሚይዙት ብረት ቢደረግላቸው ውኃ ሊጠጡ ነው እኮ! ይህን ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ከየት ያገኘዋል?

አንድ ጡረተኛ አባት ደግሞ ከባንክ በስልካቸው የሚመጣውን መልእክት የሚያነብላቸው የታመነ ልጅ ነው የፈለጉት። ሌላዋ እናት፣ «ጠዋት ጠዋት በሬን አንኳክቶ አደሩ ወይ የሚለኝ ሰው ይበቃኛል» አሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ ነው። ልጅ የሌላቸው አንዲት አሮጊት የመድኃኒቱን ድጎማ ሲሰሙ ደነገጡ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የከፈልሁት ለቀብሬ ነው። በቁሜ በልታችሁት ድንኳን ሳይተከልልኝ፣ ንፍሮ ሳይቀቀልልኝ ልትሸኙኝ ነው?» አሉኝ። የሚያስቀው ሰው ይኖራል፤ ለእርሳቸው አያስቅም። ወገን የሌለው ሰው በክብር እቀበራለሁ ብሎ የሚተማመነው በዕድሩ ነው። እኛ መርዳት መስሎን እንቅልፋቸውን ልንነሳቸው ነበር።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የቀብሩ ገንዘብ አይነካ የሚል ነው። መርጃ ካስፈለገ በየወሩ 10 ብር ተጨማሪ እናዋጣ፤ ደብተሩም የባንክ ሒሳቡም ለብቻው ይሁን። በምን ላይ እንደሚውል ደግሞ እነርሱው ይወስኑ።

እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ከራሴ አላመነጨሁም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የአረጋውያን መርሆዎች ውስጥ አረጋውያን በሚመለከታቸው ፖሊሲ አወጣጥ ላይ ይሳተፉ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ምቹ ስለሆኑ ከተሞች መመሪያ ሲያወጣ በ33 ከተሞች አረጋውያኑን ራሳቸውን አስጠይቆ ነው። በዚያ ሁሉ ከተማ ከተጠየቀ፣ እኛ ሦስት መንገድ ተሻግሮ መጠየቅ ያቅተናል?

ኮሚቴው ውስጥ ሦስት አረጋውያን ድምፅ ይዘው ይግቡ። ሽማግሌ ሲባል ወንድ ብቻ እንዳይመስለን፤ በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩት አብዛኞቹ እናቶች ስለሆኑ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ቢሆኑ ይሻላል። ስብሰባውም በጠዋትና ደረጃ በሌለው ቤት ይሁን። ከአልጋ የማይወርዱት ቤታቸው ተሄዶ ይጠየቁ። ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም የገቡ አባሎቻችንም አይረሱ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለደረሳቸው ሰው የሚገፋ ወንበር ምን ይረባል?

አንድ ወንድማችን ቀደም ሲል «አረጋውያን ከገቡበት ስብሰባው ይረዝማል» ብለዋል። ይርዘም! ድንኳን ስንተክል እናድር የለም እንዴ?

እንግዲህ የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ይህ አጀንዳ ለሚቀጥለው ወር ተላልፎ እስከዚያ አረጋውያኑ እንዲነጋገሩበት ለጉባዔው ድምፅ እንዲቀርብልኝ እጠይቃለሁ። ለአምፖሉ ግን ጉባዔ አያስፈልግም። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወጣት ካለ ስንወጣ በር ላይ ያግኘኝ።