ጭሱን አይተን ፉርጎውን አንርሳ

(ከዚህ በታች የምታነቡት የቆዩ ፊልሞች በታዩበት አንድ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



አሁን ያየናቸው ፊልሞች ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ጥቁሩ ባቡር ጭሱን እያትጎለጎለ ይመጣል። ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። ወታደሮች በመስኮት ተንጠልጥለው እጃቸውን ያውለበልባሉ። አንዲት ልጅ መሐረቧን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። ባቡሩ ይሄዳል። ከመካከላችን «አቤት፣ ደስ ሲል!» ያለ ሰው ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው፣ ደስ ይላል። ያን የሚያክል ብረት እያቃሰተ ሲነሳ ማየት የማይወድ ማን አለ?

እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። ለመሆኑ ይህን ፊልም ማን አነሳው? ለምን አነሳው? ካሜራው ባልዞረበት ፉርጎ ውስጥስ ማን ተቀምጦ ነበር? የጦርነት ጊዜ ፊልም ከጦርነት ጊዜ መግለጫ አይለይም። ያለውን መስማት ብቻ አይበቃም፣ ያላለውንም መፈለግ ያስፈልጋል።

ባቡሩ የተሸከመው ሸክም

በመጀመሪያ ለባቡሩ የሚገባውን ክብር እንስጠው። ጃፓን ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ፐርል ሃርበርን ደበደበች፤ አሜሪካም ጦርነቱ ውስጥ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጃፓን ማላያን ስትይዝ የአሜሪካ የጎማ ምንጭ ደረቀ። ከዲሴምበር 1942 ጀምሮ ደግሞ ቤንዚን በመላ አገሪቱ በራሽን ሆነ። መኪናውን አምኖ የኖረው አሜሪካዊ መኪናውን አቁሞ ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጠ።

ቁጥሩን ስሙት። አንድ መንገደኛ አንድ ማይል ሲሄድ አንድ ተብሎ ይቆጠር። በዚህ ስሌት የአሜሪካ ባቡሮች በ1940 የሠሩት 23 ቢሊዮን ግድም ነበር። በ1944 ግን 95 ቢሊዮን ግድም ደረሰ። አራት እጥፍ! ያውም አዲስ ፉርጎ እንደ ልብ በማይሠራበት ጊዜ። በአገር ውስጥ በቡድን ከተጓዘው ወታደር ከመቶ 97ቱን፣ ከጦር ሠራዊቱ ጭነት ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉን የተሸከመው ባቡር ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917 መጨረሻ፣ መንግሥት ባቡሮቹን በሙሉ በራሱ እጅ አድርጎ ነበር። በሁለተኛው ግን ኩባንያዎቹ በባለቤትነታቸው ቀጠሉ። ጆሴፍ ኢስትማን የሚመሩት የመከላከያ ትራንስፖርት ቢሮ ያስተባብራቸው ነበር። ይኸው ቢሮ «ለመሆኑ ጉዞህ የግድ ነው ወይ?» የሚል ፖስተር እየለጠፈ ሕዝቡን «ቤትህ ቁጭ በል» ይል ነበር። ሕዝቡ ግን ቁጭ አላለም። ሚስት ባሏ ወደ ባሕር ማዶ ከመሻገሩ በፊት ልታየው፣ እናት ልጇን ልትሰናበት ትሄዳለች። ይህን «የግድ አይደለም» የሚል ማን ነው?

ታዲያ ለምን በእንፋሎት? የሚል ይኖራል። ዲዝል ባቡርማ ከጦርነቱ በፊት ገብቶ ነበር። ይሁንና የዲዝል ሞተር ለባሕር ኃይሉ ስለሚፈለግ የጦር ምርት ቦርድ የመንገደኛ ዲዝል ሎኮሞቲቭ እንዳይመረት ገደበ። ስለዚህ ሊጣሉ የነበሩ አሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ተጠጋግነው ወደ ሐዲድ ተመለሱ። አዳዲሶቹም ቢሆኑ ጦርነቱን አልሸሹትም። ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የተባለው ኩባንያ በ1941 ያወጣቸው ሎኮሞቲቮች እንደ ጥይት የሾለ የሚያምር የብረት ልብስ ለብሰው ነበር። በ1943 የተሠሩት ግን ያለ ልብስ፣ ራቁታቸውን ወጡ። በዚያው ዓመት የወታደር መኝታ ፉርጎ ይሠራ ጀመር። የዕቃ ፉርጎ የሚመስል ነው፤ ውስጡ ባለ ሦስት ደርብ አልጋ። ወታደሩ እዚያ ላይ ተደርድሮ ሌሊቱን እየተንገጫገጨ ያድር ነበር።

አሥር ደቂቃ በኖርዝ ፕላት

የእንፋሎት ባቡር አንድ ጠባይ አለው፣ ይጠማል። በየተወሰነው ርቀት ቆሞ ውሃ ካልጠጣና ዘይት ካልተቀባ አይሄድም። ይህ ጥማት አንድ ታላቅ ነገር ወለደ።

በኔብራስካ ግዛት ኖርዝ ፕላት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡሮች ውሃ የሚሞሉባት ቦታ ነበረች። ዲሴምበር 17 ቀን 1941 የከተማው ሰው «ልጆቻችን በዚህ ያልፋሉ» የሚል ወሬ ሰምቶ ምግብና ስጦታ ይዞ ጣቢያው ላይ ቆመ። ባቡሩ ሲደርስ ውስጡ ያሉት የካንሳስ ልጆች ናቸው! የማያውቋቸው የሰው አገር ልጆች። ሰዉ ትንሽ ተያየና ያመጣውን ሁሉ ለእነርሱ ሰጣቸው።

በቦታው የነበረች ሬይ ዊልሰን የምትባል ወጣት ለከተማው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። «ለሚያልፈው ወታደር ሁሉ ለምን እንዲህ አናደርግም?» የሚል ሐሳብ ነበር። በገና ዕለት፣ ዲሴምበር 25 ቀን 1941፣ ሥራው ተጀመረ። እስከ ኤፕሪል 1 ቀን 1946 ድረስ አንድም ቀን አልተቋረጠም። ስኳርና ቡና በራሽን በሆነበት ጊዜ ከ125 ያህል መንደሮች የመጡ ሴቶች ዳቦ፣ እንቁላልና ኬክ ተሸክመው ይመጡ ነበር። የልደት ቀኑ የሆነ ወታደር የልደት ኬክ ይሰጠዋል። ስድስት ሚሊዮን ያህል ወታደር በዚያች ጣቢያ አለፈ። የእያንዳንዱ ቆይታ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ባቡሩ ውሃ እስኪጠጣ!

እዚህ ላይ ካሜራው አልዋሸም። እነዚያ ሳቂታ ሴቶች እውነት ናቸው፣ ኬኩም እውነት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ካሜራው ያልዞረበት ፉርጎ

በደቡብ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ መንገደኛ በአንድ ፉርጎ እንዳይቀመጥ ሕግ ይከለክል ነበር። ሕጉን ያጸናው በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፕለሲ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ያም ክርክር የተነሳው በባቡር ወንበር ምክንያት ነበር። የጥቁሮቹ ፉርጎ «ጂም ክሮው» ይባላል። ለመሆኑ የት ነበር የሚቀጠለው? ብዙ ጊዜ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ፣ ከፊት። ለምን ቢባል፣ ጥቀርሻው፣ የከሰሉ ብናኝና ጩኸቱ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነዋ! አያችሁ ወገኖቼ፣ ቅድም እኛን «ደስ ሲል!» ያሰኘን ጭስ የሚገባው በእነዚያ ሰዎች መስኮት ነበር።

በ1942 ኤልመር ሄንደርሰን የተባለ ጥቁር የመንግሥት ሠራተኛ ለሥራ ከዋሽንግተን ወደ በርሚንግሃም ተሳፈረ። የተላከው በሥራ ቅጥር ላይ የሚደረገውን የዘር አድልዎ ለሚመረምረው ኮሚቴ ነበር። በምግብ ፉርጎው ውስጥ ለጥቁሮች የተመደቡት ከኩሽናው አጠገብ ያሉ በመጋረጃ የሚከለሉ ሁለት ጠረጴዛዎች ናቸው። ሄንደርሰን ሲገባ እነርሱም ላይ ነጮች ተቀምጠው ነበር። ባዶ ወንበር እያለ «ቆይ፣ እንጠራሃለን» ተባለ። ተመላለሰ። በመጨረሻ የምግብ ፉርጎው ከባቡሩ ተለይቶ ቀረ፤ ሰውየውም ጦሙን አደረ። ከሰሰ። ፍርዱን ያገኘው በ1950 ነው። ለአንድ እራት ስምንት ዓመት!

ይህ ግን ከሚቀጥለው አይብስም። በ1944 አሥር አለቃ ሩፐርት ትሪሚንግሃም የተባለ ጥቁር ወታደር ከስምንት ጓደኞቹ ጋር ከአሪዞና ወደ ሉዊዚያና ይጓዛል። መንገድ ላይ ምግብ ፈለጉ። በአንድ ባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት «በኋላ በር ወደ ኩሽና ግቡ» ተባሉ። ከዚያ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ሁለት ደርዘን ያህል የጀርመን ምርኮኞች ከሁለት ጠባቂዎቻቸው ጋር በፊት ለፊቱ በር ገቡ! ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ፤ ተስተናገዱ፤ እያጨሱ ይጫወቱ ጀመር። የአሜሪካን ዩኒፎርም የለበሰው ውጭ ቆሞ ያያል፣ የሂትለር ወታደር ውስጥ ተቀምጦ ይበላል።

ይህን ያነሳ ካሜራ አልነበረም። ማን አነሳስቶት? ሰውየው ግን ብዕር ነበረው። «ያንክ» ለተባለው የሠራዊቱ መጽሔት ጻፈ፤ መጽሔቱም በኤፕሪል 1944 አወጣለት። በኋላ ራሱ እንደገለጸው 287 ደብዳቤ ደረሰው፤ ከእነዚህ 183ቱ የጻፉት በሠራዊቱ ውስጥ ያሉ ነጮች ናቸው። ተቆጥተውለት! ሰው ሲነገረው ይሰማል። የሚጎድለው የሚነግረው ነው።

መጋረጃው የወረደበት ባቡር

ሌላም ባቡር ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 በፈረሙት ትእዛዝ በምዕራቡ ጠረፍ የሚኖሩ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቀሉ። ከሦስቱ ሁለቱ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ። መጀመሪያ በፈረስ መወዳደሪያ ሜዳና በመሳሰለው አጎሯቸው። ከዚያ በባቡር ወደ በረሃ ካምፕ አጋዟቸው። በጉዞው ላይ የመስኮቱን መጋረጃ እንዲያወርዱ ይታዘዙ ነበር። ወታደሩ በመስኮት እጁን እያውለበለበ በሚሄድበት አገር፣ እነዚህ ሕፃንና ሽማግሌ ይዘው በጨለማ ተጓዙ።

መንግሥት በዚህም ላይ ፊልም ሠርቷል። ተራኪው ሚልተን አይዘንሃወር ነው፣ የጄኔራሉ ወንድም። ሁሉም ነገር በሥርዓት፣ በመልካም ፈቃድ የተደረገ አስመስሎ ያቀርበዋል። ነገር ግን ዴቭ ታትሱኖ የተባለ እስረኛ ዩታ በሚገኘው ቶፓዝ ካምፕ ውስጥ በድብቅ በያዛት ትንሽ ካሜራ የካምፑን ኑሮ ቀረጸ። ይህ የግል ፊልም በ1996 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገባ። ቀደም ሲል በ1988 መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል ወስኖ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኼ ነው። የዘገየው ግን አርባ ስድስት ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ስንቱ አልፏል!

ፊልሙን እንጣለው ወይ?

የለም። ጭራሽ! ደግመን እንየው ነው የምለው። ካሜራውን ማን እንደያዘ እያወቅን እንየው። በጦርነቱ ጊዜ የሳንሱር ቢሮ ነበር። ጋዜጦች የወታደር ባቡር እንቅስቃሴን እንዳይጽፉ ይጠየቁ ነበር። ሐዲድ ዳር ካሜራ ይዞ የቆመ ባቡር ወዳድ እንደ ሰላይ የሚታይበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከደረሰን ፊልም ብዙው የጦርነት መረጃ ቢሮው ወይም የባቡር ኩባንያዎቹ ሥራ ነው። መንግሥት ሰዉ እንዲበረታ ይፈልጋል፣ ኩባንያው ስሙ እንዲያምር። ሁለቱም የሚያነሱት የሚያምረውን ነው።

ድምፁንም ልብ በሉ። በግለሰብ የተነሱት ፊልሞች አብዛኛዎቹ ድምፅ አልነበራቸውም። ዛሬ የምንሰማው ፉጨትና ፉፉታ ብዙ ጊዜ ኋላ የተለጠፈ ነው።

ደግሞ ጥግ ጥጉን እዩ። ካሜራው ሳያስበው የያዘው ነገር አለ። በፑልማን ፉርጎ በር ላይ ነጭ ኮት ለብሶ ሻንጣ የሚቀበል ጥቁር ሰው ብቅ ይልና ያልፋል። ማንም ስሙን አይጠራም። ያ ሰው ግን በፊሊፕ ራንዶልፍ የሚመራ ማኅበር አባል ሊሆን ይችላል። ያ ማኅበር በ1937 ፑልማንን የሚያህል ኩባንያ አስገድዶ የሥራ ውል ያስፈረመ ነው። ራንዶልፍ በ1941 «በዋሽንግተን ሰልፍ እንወጣለን» ሲሉ ሩዝቬልት በጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የዘር አድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ። ትልቁ ታሪክ ሻንጣ ተሸክሞ ጥግ ላይ ቆሟል፣ እኛ ጭሱን እናያለን።

አንድ ነገር ግን ለአሜሪካኖቹ እንመስክር። ፊልሙን አላቃጠሉትም። የሚያስመሰግነውንም የሚያሳፍረውንም መዝገብ ቤት አስቀመጡት። በፌዴራሉ መንግሥት የተሠራ ፊልም የማንም ንብረት ስላልሆነ ማንም አውጥቶ ማየት ይችላል። ዛሬ እኛ እዚህ ተቀምጠን መንግሥታቸውን በራሱ ፊልም የምንሞግተው ለዚህ ነው። ሙግት የሚቻለው ማስረጃ ሲኖር ነው።

ባቡሮቹ ራሳቸው ዕድሜ አላገኙም። እስከ 1960 ድረስ በዋና ዋና መስመሮች ላይ የዘወትር የእንፋሎት አገልግሎት አበቃ። የኖርዝ ፕላት ጣቢያም በ1973 ፈረሰ። የቀረው ፊልሙ ነው። እንግዲህ ሁለተኛውን ጥቅል ልናይ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ዓይናችሁ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ባለው ፉርጎ ላይ ይሁን፣ መስኮቱ ላይ ማን እንዳለ ፈልጉ።