ክብደት በሌለበት ቦታ የሰውነታችን ጠባቂዎች



ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ጠባቂ እናቆማለን። ጠባቂው ካንቀላፋ ዝንጀሮና ወፍ ሰብሉን ይጨርሱታል። ሰውነታችንም ጠባቂዎች አሉት። እነሱም በደማችን ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ እንዲሁ በዓይን አይታዩም። የበሽታ ጀርም ሲገባ ይነቃሉ፤ ይባዛሉ፤ ይዋጋሉ።

ዛሬ የምንነጋገረው እነዚህ ጠባቂዎች ክብደት በሌለበት ቦታ ምን እንደሚሆኑ ነው።

ሰዎች በመንኮራኩር ወደ ጠፈር ይሄዳሉ። እዚያ ሰውም ዕቃም እንደ ላባ ይንሳፈፋል። ለምን? መንኮራኩሯና በውስጧ ያለው ሁሉ ምድርን እየዞሩ አብረው ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። ክብደት የለም የምንለው ይህንን ነው።

በ1976 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ይሠሩ የነበሩ አውጉስቶ ኮጎሊ የተባሉ ተመራማሪ የሰው ነጭ የደም ሕዋሳት በመንኮራኩር ወደ ጠፈር ላኩ። ከአንድ የባቄላ ዘመድ ፍሬ የወጣ፣ ሕዋሳቱን የሚቀሰቅስ ነገር ተጨመረባቸው። ምድር ላይ የቀሩት ነቁ፤ ተባዙ። ጠፈር የሄዱት ግን የምድሮቹን ከመቶ 3 እጅ እንኳ አልነቁም።

ጥፋቱ የክብደት መጥፋት ነው ወይስ የጠፈር ጨረር? ይህን ለመለየት በ1978 ዓ.ም. የሚሽከረከር መሣሪያ አብሮ ተላከ። ወንጭፍ ስናሽከረክር ድንጋዩ እጃችንን ይስበው የለም? መሣሪያውም ሲሽከረከር ሕዋሳቱን ልክ እንደ ምድር ክብደት ይጫናቸዋል። በውስጡ የነበሩት ነቁ። እዚያው ሳይሽከረከሩ የቀሩት ግን አንቀላፉ። ስለዚህ ጥፋቱ የክብደት መጥፋት መሆኑ ታወቀ።

በሰዎቹስ ላይ ምን ይደርሳል? ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት፣ በሰውነታቸው ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ይቀሰቀሳል። ብዙዎቹ ባይታመሙም ቫይረሱ በምራቃቸው ተገኝቷል። ይህን እኛም እናውቀዋለን። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምችና አልማዝ ባለጭራ ብቅ የሚሉት ጠባቂዎቹ ሲዳከሙ ነው።

በቀድሞ ጉዞዎች ሰዎች ጠፈር ላይ በጉንፋን ታመው ነበር። ስለዚህ ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ጨረቃ የሚሄዱ አሜሪካውያን ከጉዞው በፊት 3 ሳምንት ከሰው ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ።

ይህ ጥበብ ለእኛም ይሠራል። ጠባቂዎቻቸው ገና ያልጠነከሩ ሕፃናትና አቅማቸው የደከመ ሽማግሌዎች በየቤታችን አሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው ከእነሱ ራቅ ይበል። እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ልጆቻችንንም በጊዜው እናስከትብ።